የተመረገው የቤንዚን ጋን

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ መካኒክ ነው። ከሥራ ሲመለስ እጁን በሳሙና ከመታጠቡ በፊት በቤንዚን ያሸዋል። ሽታው በመስኮት ሲገባ ጎረቤቶቼ ያስላሉ፤ «ኧረ ይሄ ልጅ አንድ ቀን ሊያነደን ነው» ይላሉ። እኔ ግን ሙሽራ እሆናለሁ። አትሳቅ እንጂ! የዛሬን አያድርገውና ጥርሴ ሙሉ ነበር፣ ወገቤም ያለ ዱላ ይታጠፍ ነበር። ሌላዋን ሴት ሠርጓን የሚያስታውሳት ከበሮ ነው፣ እልልታ ነው። እኔን የሚያስታውሰኝ ቤንዚን ነው። ቁጭ በልና ልንገርህ፤ ግን መሀል ላይ እንዳታቋርጠኝ፤ ከተቋረጥሁ እኔም እንደዚያች መኪና መነሣቱ ይቸግረኛል።

ዘመኑ ጣሊያን አገሩን ይዞ የነበረበት ነው። እኛ የምንኖረው መተማ ነበር፣ ከድንበሩ አፍ ላይ። ደረቁን ወንዝ ስትሻገር ገላባት ላይ እንግሊዝ፣ ወዲህ በኩል ጣሊያን፣ መሀል ላይ እኛና ዝንቡ። ሙቀቱን አልነግርህም፤ ዶሮ እንኳ በቀትር አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። እናቴ በእኔው አራስ ቤት ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እቴቴ ነበር የምላት። ባሏ ልጅ ሳይሰጣት ሞቶባታል፤ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራትም።

አክስቴ አረቄ አውጪ ነበረች። በዚያ ቆላ እሷን የሚያህል አልነበረም። ይህን የምለው ስላሳደገችኝ አይደለም፤ የጠጣ ሁሉ ይመሰክራል፣ መመስከር የቻለ ማለቴ ነው። አረቄ ማለት እንፋሎት ነው። ድፍድፉ ከታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ ተሻግሮ ወደ ሌላው ማሰሮ ይገባል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። በመጋጠሚያው ላይ ሽንቁር ከተገኘ ግን እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ለአንተ የሚቀርህ ቦካ ቦካ የሚል ውኃ ነው። ስለዚህ አክስቴ ቀዳዳ ካየች ሳትመርግ አታልፍም። ጭቃና አመድ ለውሳ ትመርጋለች፣ በመዳፏ ታለሰልሳለች፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸታለች። «ሽታው ከወጣ ጉልበቱ ወጣ» የሚለው ቃል ከጸሎተ ማርያም ቀጥሎ የምታምነው ነገር ነበር።

ባሌንም ያገኘሁት በዚሁ በአረቄው ምክንያት ነው። ጣሊያኖቹ የሚያሳድዱት አርበኛ ነበር። እግሩ ቆስሎ ቤታችን ሲገባ አክስቴ ቁስሉን በአረቄ አጥባ ከጋኖቹ ጀርባ ሸሸገችው። ምግብ የማደርስለት እኔ ነበርሁ። «ለቁስለኛ ምሳ ማድረስ ይህን ያህል ያስቆያል?» ትለኝ ነበር አክስቴ። ድኖ ወደ ጫካው ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀኝ። አክስቴ «እሺ» አለች፤ እሺ ስትል ግን የመንጋጋ ጥርሷን የሚነቅሏት ነበር የምትመስለው።

ሠርጉ ለቅበላ እሑድ ተቆረጠ። በማግሥቱ ሁዳዴ ይገባል፣ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ሙሽራው መተማ ድርሽ ማለት ስለማይችል እኔው ወደ ዘመዶቹ መንደር፣ ከጓንግ ወንዝ ማዶ፣ እንድሄድ ሆነ። እሱም ከጫካ የሚወርደው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረስሁ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ ጥይቱ ማንን አስቀርቶ ማንን እንደሚወስድ ማን ያውቃል? ወድጄዋለሁ እኮ! በዚያን ጊዜ ሙሽራ እንዲህ ማለት ነውር ስለነበር ለማንም አላልሁም፤ ዛሬ ማን ይከለክለኛል?

የሚያደርሰን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር፤ እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ አባቱ ከገዳሪፍ። ካሚዮኑን ራሱ ነበር የሚነዳው። ከአንድ እንግሊዝ እጅ ሲገዛት ጀምሮ አሮጊት ናት፤ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ ጥሩምባዋ የታመመ ፍየል ድምፅ አለው። ስለ ሞተር የሚያውቀው ጥቂት፣ የሚናገረው ብዙ ነበር። «መኪና ቤንዚን፣ ውኃና ዱዓ ካገኘች መካ ድረስ ትሄዳለች» ይል ነበር። የነፍስ አባታችንም አብረውን ተሳፈሩ፣ ጋብቻውን ባርከው ሊመለሱ። መኪና ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከኋላ ከሰሊጡ ጆንያ ላይ ወጥተው ጃንጥላቸውን ዘረጉና፣ «ልጄ፣ ይህች ነገር ስትደነግጥ ትራገጣለች ወይ?» ብለው ነጋዴውን ጠየቁት።

በዚያን ዘመን መኪና ቤንዚኑ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? ከመቀመጫው ሥር! ትራሱን ታነሣለህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ትሞላለህ፣ ከዚያ እላዩ ላይ ትቀመጣለህ። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት በቀጭን የመዳብ ቧንቧ እየወረደ ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል። እኔ ሙሽራዪቱ፣ በነጠላ ተሸፋፍኜ፣ በቅቤ ርሼ፣ የተቀመጥሁት ልክ እቤንዚኑ ጋን ላይ ነው። ገና ሞተሩ ሲነሣ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝሁ።

«ምን ሆንሽብኝ?» አለች አክስቴ።

«ሸተተኝ እቴቴ!»

አስነሥታኝ ትራሱን ገለጠች። ክዳኑን አሸተተች። መሀሉ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አገኘች። ደረቷን ደቃች። «ወይኔ ጉዴ! ይሄ ሁሉ ጉልበት እኮ ነው በከንቱ የሚሄደው!» አለች። ለሠርጉ የጫነችው የአረቄ ጋን በመንገድ ላይ አፉ ቢሰነጠቅ ብላ የለወሰችው ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነበር። ቆረስ አደረገችና የቤንዚኑን ክዳን ዙሪያውን ከነቀዳዳው ምርግ አደረገችው። ነጋዴው አንገቱን አስገብቶ አየ። አሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ። «ወላሂ ይቺ ሴት ብልህ ናት! በዚህ ሙቀት ግማሹን ቤንዚን የሚጠጣብኝ ፀሐይ ነው እኮ!» አለ። ሁለት ብልሆች ተገናኙልህ ማለት ነው።

ሽታው ቀረ። እፎይ አልሁ። ጎህ እየቀደደ ነው፤ የታጨደው የማሽላ አገዳ በጤዛ ርሶ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ ቆቆች ከመንገዱ ዳር እየተንጫጩ ይበራሉ፣ አባ ከኋላ ይዘምራሉ። ሙሽራ ማዘን አለባት ስለተባልሁ ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ ከውስጥ ፈገግ እላለሁ።

መተማ ከኋላችን ሳትሰወር መኪናዋ ሳል ጀመራት። እህ፣ እህ፣ እህ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ነጋዴው ወርዶ በዙሪያዋ ተንጎራደደ። ከዚያ እኛን አስነሥቶ ምርጉን ፈለቀቀና ክዳኑን ከፈተ፣ እንጨት ሰደደ። እንጨቱ እስከ አንገቱ ርሶ ወጣ። «ቤንዚን እንደሆነ ሙሉ ነው» አለ። ጎማዋን በእርግጫ ደለቀና ከፊት ለፊቷ ያለውን የብረት እጀታ ቢያዞረው ወዲያው ተነሣች። «አየሽ ኻላ» አላት አክስቴን፣ በነሱ አፍ አክስት ማለት ነው፣ «መኪና እንደ አህያ ናት፣ ካልመቷት አትሄድም።» አክስቴ ክዳኑን ገጥማ እንደገና መረገች። ልጅ እንደሚያጠምቁ ሁሉ በጥንቃቄ ነበር የምትመርገው።

ጥቂት ሄድንና እህ፣ እህ፣ ቀጥ! ነጋዴው አሁን ቤንዚኑን ሊያይ አልፈለገም። «አይተነዋል፣ ሙሉ ነው። ይሄ ሙቀት ነው። ቤንዚኑ ከቧንቧው ውስጥ ፈልቷል» አለና ጥምጥሙን ፈትቶ ውኃ ነክሮ ቧንቧውን ጠመጠመለት። አባም ከጆንያው ወረዱ። «ሙቀት አይደለም። የሰው ዓይን ነው። ሙሽራ ጭናችሁ በገበያ መሀል ጥሩምባ ስትነፉ ዝም የሚል ዓይን አለ?» አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። አባ ደግሞ ጸሎት አያሳጥሩም፤ በእኛ ደብር ለፍትሐት ሲጠሩ የሟች ዘመድ ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣ እየተባለ ይታሙ ነበር። ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ጥላው ሸሸን፣ ተከተልነው። ሲጨርሱ ነጋዴው እጀታውን አዞረ፣ ተነሣች!

ጠብ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አባ «እመቤቴ አትጥለኝም» ይላሉ፣ ነጋዴው «አባታችን፣ ጥምጥሜ ነው ያዳናት» ይላል። ወደፊትና ወደኋላ እየተጯጯሁ ነው የሄድነው፣ አንዱ ከመሪው፣ አንዱ ከሰሊጡ ላይ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ። ከፍ ብላለች።

ኮኪት መግቢያ ላይ የጣሊያን ኬላ ነበር። ነጋዴው «እዚህ ብቻ አትቁሚብኝ፣ ሌላ ቦታ እንደፈለግሽ» እያለ ይለምናታል። የት ትሰማለች! ልክ አጥሩ ፊት ለፊት ስንደርስ እህ አለችና ሞተች። አንድ ጣሊያን ወታደር እጅጌውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ። ነፍሴ ወጣች። ይህ ሰው ቀን ከሌት ባሌን የሚያሳድድ ሰው ነው። ወደ እኔ አጎንብሶ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ሙሽራ ቆንጆ! ባል ማን ነው?» አለ። አባ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እሳቸው ውሸት አይናገሩ፣ እውነቱን ቢናገሩ ሁላችንም አለቅን።

«ገበሬ ነው፣ ሰሊጥ አራሽ። እግሩ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደኅና ልጅ ነው» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ጣሊያኑ ግን ልቡ ሞተሩ ላይ ነበር። ሞተር የሚወድ ሰው አይተህ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ሌላው ነገር አይታየውም። የሞተሩን ሽፋን ከፈተ፣ ካርቡራቶር የሚሉትን ነገር ፈታና ውስጡ ያለችውን ጽዋ ገልብጦ አሳየን። ደረቅ! «ቤንዚን ከጋን አለ፣ እዚህ የለም። ቧንቧ ቆሻሻ!» አለ። ቧንቧውን ፈቶ አፉ ውስጥ ከተተና ጉንጩን ነፍቶ ወደ ጋኑ ነፋ። ከመቀመጫዬ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ተሰማኝና ዘልዬ ተነሣሁ። ከዚያ ቤንዚኑ በቧንቧው እየተንዠቀዠቀ መጣ። ገጥሞ አዞራት፣ ተነሣች። ደረቱን ነፍቶ ነጋዴውን እንደ ደደብ ተማሪ አየው፤ ነጋዴው አንገቱን ደፋ።

ለድካሙ አረቄ ጠየቀ። አክስቴ የጋኑን ምርግ ፈለቀቀች፣ መቃዋን አወጣች። አረቄ የምትቀዳው እንዲህ ነበር፤ መቃውን ወደ ጋኑ ትሰዳለች፣ የላይኛውን አፍ በአውራ ጣቷ ትደፍናለች፣ ታወጣዋለች። ጣቷ ካልተነሣ አረቄው መቃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጠብ አይልም። ጣቷን ስታነሣ ወደ ዋንጫው ይወርዳል። ሳድግ ዕለት ዕለት ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን መቃውን ይዛ ፈዛ ቆመች። ትደፍናለች፣ ትለቃለች፣ ትደፍናለች። ጣሊያኑ ዋንጫውን ዘርግቶ ምራቁን ይውጣል።

«እቴቴ፣ ምነው?» አልኋት።

«ምንም» አለች። ቀድታ ሰጠችው፤ ተጎንጭቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ «ለባልሽ ሰላምታ!» ብሎ በወታደር ሰላምታ አሰናበተን። ባሌ ይህን ሰላምታ ስነግረው መሬት ላይ ተንከባሎ ነው የሳቀው፤ እርጅና ላይ ሆኖ እንኳ «ያ ወዳጄ ደኅና ይሆን?» ይለኝ ነበር። ብቻ ያን ሰዓት ያላስተዋልሁት አንድ ነገር ነበር። አክስቴ ከጣሊያኑ ተሰናብታ ስትገባ ክዳኑን በድርብ ጭቃ ነበር የመረገችው፤ ትራሱን መልሳም እላዩ ላይ ራሷ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላማ ምን አለፋህ! ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ነጋዴው እንደ ጣሊያኑ ቧንቧውን ይነፋል፤ ከንፈሩ አብጦ ንብ የነደፈው መሰለ። ተነሥታ ጥቂት ትጎትተንና ደግሞ ቀጥ። ጓንግን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቀዘቀች። መንደሩ ከዚያ ኮረብታ ወዲያ ነው። እዚያ፣ ልክ ልንደርስ ስንል፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች።

አባ ጠበል የሚሆን ውኃ ሊቀዱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ነጋዴው ቧንቧውን ፈታና ጮኸ። «ኑ እዩ! ጋኑ ሙሉ ነው፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው፣ ግን አይወርድም! ይሄ ሸይጣን ነው!» በእግር እንዳንሄድ ዳገቱ ሩቅ ነው፣ ሙሽራ ደግሞ በእግሯ ገባች ከተባለ የዘላለም መተረቻ ናት። እንባዬ መጣ። ከመኪናዋ ወርጄ ቆምሁ። የቧንቧው አፍ ላይ አንዲት የቤንዚን ጠብታ ተንጠልጥላለች። አትወድቅም። ፀሐይ አርፋባት ታበራለች፣ ግን አትወድቅም።

ያን ጊዜ መቃው ትዝ አለኝ። ዞር ስል አክስቴ ቀድማ እያየችኝ ነው።

ወደ እሷ ተመለስሁ። ነጋዴው ከሞተሩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ አይሰማንም።

«እቴቴ፣ ጭቃው ነው አይደል?» አልኋት።

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከኮኪት።»

ደሜ ፈላ። «እሱ እኮ ለዛሬ ብቻ ነው የወረደው! ነገ አይገኝም! አንቺ እያወቅሽ?» አልሁ፤ አሳዳጊዬን እንዲያ ብዬ ተናግሬያት አላውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ለክፋት አይደለም። እስከ ፋሲካ ብትቆዪልኝ ብዬ ነው። እስከ ፋሲካ ብቻ። ከዚያ በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን አደርስሽ ነበር።» ጭቃውን ከጥፍሯ እየፋቀች፣ «አንቺ የምትሄጂው ወደ ሰው ነው። እኔ የምመለሰው ወደ ጋን ነው» አለች።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እጇን ያዝሁ፤ ጭቃው ደርቆበት ሸካራ ነበር። «እንመለስ ካልሽኝ እመለሳለሁ» አልኋት። ከልቤ ይሁን ከአፌ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ፈርቼ ነበር፣ እሺ ትለኛለች ብዬ።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ። «ሂጂ ወዲያ! ሙሽራ ከመንገድ መለሰች ተብዬ በስተርጅና ልተረት?» አለች። ከሹሩባዋ መሀል የስፌት ወስፌዋን መዘዘች፣ ትራሱን ገለጠች፣ ምርጉን ልክ በዚያች ቀዳዳ ላይ ወጋችው።

እስስስ አለ። ጋኑ አየር ሳበ፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ እንደወጣ ሰው። ከፊት በኩል ደግሞ «ያ ሰላም!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ነጋዴው አጎንብሶ የቧንቧውን አፍ ሲያይ ቤንዚኑ ጢሙ ላይ ተንዠቅዥቆበታል። ያን ጊዜ መኪናዋን የሸጠለትን እንግሊዝ እስከ ሰባት ቤት እየሰደበ ነበር። «ስድብ ነው የምትፈልገው! ሙሽሪት፣ አየሽ? ስድብ!» እያለ ጨፈረ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ያንን እንግሊዝ ይሰድብ ነበር አሉ። እኛም አልነገርነው። አባ የቀዱትን ውኃ ይዘው ሲደርሱ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ከሩቅ ሆነው በመጸለያቸው እንደሆነ በትሕትና ገለጹልን።

መካኒኩ ልጅ ይህን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤንዚን እንዲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፣ ያች ቀዳዳ የተበጀችው ለዚያ ነው አለኝ። ክዳኑ ሲከፈት፣ ቧንቧው ሲነፋ፣ ወይም አባ ሲጸልዩ ጭቃው በሙቀቱ ተሰነጣጥቆ ቀስ እያለ አየር ሲያስገባ ነበር የምትነሣው። አክስቴ ግን ይህን ያወቀችው ከመካኒክ አይደለም፣ ከአውራ ጣቷ ነው።

ስንደርስ ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ተቀምጣለች። ሙሽራው ጠመንጃውን ይዞ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ዕድምተኞቹ «ትቀራለች» ብለው ተስፋ ስለቆረጡና ሥጋው ደግሞ ለጾም ስለማይተርፍ፣ በሬውን ጨርሰውት ነበር። ሙሽራዪቱ በገዛ ሠርጓ የቀረበላት ሰላላ መረቅ ነው። ግድ አልነበረኝም። አባ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጥረው ባረኩን፣ ፀሐይዋ አስገድዳቸው።

በማግሥቱ ጧት አክስቴ ከጫጉላው ጎጆ ልትሰናበተኝ ገባች። «ቤንዚን ቤንዚን ትሸቻለሽ፣ ታጠቢ» አለችኝ። ሌላ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፣ ወጣች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። መተማ ላይ ጦሩ ሲበረታ መንገዱ ተዘጋ፤ እኔም ልጅ ታቅፌ ከባሌ ጋር ከዋሻ ዋሻ ስዞር፣ መሞቷን የሰማሁት ሰው ካለቀሰላት በኋላ ነው። ማን እንዳለቀሰላትም አላውቅም። ያ ነው የሚቆጨኝ።

ያን ጧት ግን ሙሽራ ከጎጆ አትወጣምና መሸኘት አልቻልሁም። ከግድግዳው ጭቃ ላይ ጆሮዬን ለጠፍሁ። ነጋዴው እንግሊዙን ሰደበ፣ እጀታውን አዞረ። እህ፣ እህ አለች መኪናዋ። «ቁሚ» አልሁ በሹክሹክታ፣ «በማርያም፣ ቁሚ።» ትናንት ሙሉ ቀን እንዳትቆም የለመንሁ እኔው ነኝ። ዳገቱን ወረደች፣ ጓንግን ስትሻገር ድምፁ ጎላ፣ ከዚያ ማዶ ለማዶ እየቀጠነ ሄደ።

«ምን እያዳመጥሽ ነው?» አለኝ ባሌ፣ ወደ ጫካው ሊመለስ ዝናሩን እየታጠቀ።

«መኪናዋን» አልሁት።

አልቆመችም።